ቴስታታውን ለምን አዞሩት? በድሬዳዋ ለሞተር ጥገና ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ከየጋራዡ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ የድሬ ሙቀት ሥራችሁን አቁማችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ነው። ሞቶክሮስ አፈር ላይ የሚደረግ ውድድር ነው። ጉብታ አለው፣ ዝላይ አለው፣ ጭቃ አለው። በአሜሪካው ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎቹ 30 ደቂቃ ሮጠው ሁለት ዙር ይጨመርባቸዋል፤ ይህን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያደርጉታል። ይህን ማሽን ከዚራ ጎዳና ላይ አታገኙትም። የፊት መብራት የለውም፣ ታርጋም አይወጣለትም። ታዲያ ለምን መረጥኩት? እዚያ ማሽን ላይ በልማድ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ዕቃ "ለምን እዚህ ሆነ?" ተብሎ ተጠይቆበታል። እኛ ጠጋኞች ደግሞ ፈትተን እንገጥማለን፤ ይህን ጥያቄ ግን እንዘለዋለን።

ድሬ እንዲህ መጠየቅ የሚያቅታት ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። በባቡሩ ጋራዥ ያደጉ ባለሙያዎች መለዋወጫ ሲጠፋ በቶርኖ ቀርጸው ይሠሩ ነበር። ዕቃ ቀርጾ የሚሠራ ሰው ያ ዕቃ ለምን እንደተፈለገ ሳያውቅ አይነካውም። ያንን ዓይን ነው ዛሬም የምፈልገው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹን የሞቶክሮስ ውድድሮች በብዛት የያዘው ቱ ስትሮክ ነበር። ቱ ስትሮክ ክራንክ ሻፍቱ፣ የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ፣ አንዴ በዞረ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል። ፎር ስትሮክ ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። ቱ ስትሮክ ቫልቭ የሚከፍት ካም ሻፍት የለውም፣ እሱን የሚያዞር ካቴና የለውም፣ ቀላል ነው። በ1997 ያማሃ ባለ 400 ሲሲ ፎር ስትሮክ ለሙከራ ይዞ ወጣ። አሜሪካዊው ዳግ ሄንሪ ላስ ቬጋስ ላይ በሱፐርክሮስ፣ ስታዲየም ውስጥ በሚደረገው የሞቶክሮስ ውድድር፣ አሸነፈበት። በዓመቱ ዋይ ዜድ 400 ኤፍ ለገበያ ቀረበ፤ ሄንሪም የአሜሪካን የሜዳ ሻምፒዮና ወሰደበት። ሆንዳ በ2002 ሲ አር ኤፍ 450 አርን አመጣ። ከዚያ ወዲህ 450 ሲሲ የዋናው ምድብ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ጉልበት አላጠራቸውም። የዛሬው 450 ከ50 ፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። ክብደቱ ነዳጁን ጨምሮ 110 ኪሎ ገደማ ነው። በከተማችን ሦስት ሰው ጭኖ የሚሮጠው ባጃጅ 10 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ያለው። አስቡት እንግዲህ።

መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ፎር ስትሮክ ላዩ ከባድ ነው። ቫልቮቹ፣ ካም ሻፍቱ፣ ካቴናው ሁሉ ከላይ ናቸው። ተወዳዳሪው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ያ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ጋዝ ሲለቅ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ የኋላው ጎማ ይነጥራል። ወድቆ ካጠፋ ደግሞ መከራ ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቀለው በካርቡራተር በነበረበት ዘመን መሪው ላይ "ሆት ስታርት" የምትባል ትንሽ ማንሻ ነበረች። የሞቀው ሞተር በነዳጅ ታፍኖ ሲቆም፣ እሷን ጨብጦ ተጨማሪ አየር እያስገባ በእግሩ ይረግጣል፣ ይረግጣል። ተፎካካሪዎቹ በአጠገቡ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ2010 ሞዴል ያማሃ ዋይ ዜድ 450 ኤፍን ከሥሩ ነቅሎ ሠራው። ቴስታታውን፣ ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ አዞረው።

ግቢው ውስጥ ያቆማችኋቸውን ሞተር ሳይክሎች ስትወጡ ተመልከቱ። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ ከፊት ወጥቶ ከሥር ይዞራል። ካርቡራተሩ ከኋላ ነው። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ከፊት የሚወጣውን የጋለ ቱቦ ንፋስ ያቀዘቅዘዋል። ነገር ግን በሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ላይ ከሲሊንደሩ በስተኋላ ትልቁ ሾክ አብዞርበር ቆሟል። አየሩ እሱን እየታከከ፣ እየተጣመመ ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው። በሰከንድ ክፍልፋይ ብዙ አየር መሳብ ለሚፈልግ ሞተር እያንዳንዱ ጥምዝ ኪሳራ ነው።

ያማሃዎች የአየሩን መግቢያ ከፊት፣ የጭሱን መውጫ ከኋላ አደረጉት። የአየር ፊልትሮው ቀድሞ የነዳጅ ታንኩ ወደነበረበት፣ ወደ መሪው አጠገብ መጣ። አየሩ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ማርሚታው በኋላ በኩል ወጥቶ ሲሊንደሩን ይዞራል። የማርሚታ ቱቦ ለሞተሩ የሚስማማ ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ያንን ርዝመት ወደ ውጭ ሳይለጠጥ እዚያው መሀል ላይ አገኘው። ነዳጁ ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ታች፣ ወደ መቀመጫው ሥር ወረደ።

አቦ፣ ይህን የነዳጅ ነገር ልብ በሉልኝ። 6 ሊትር ቤንዚን አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከላይ ሲሆን፣ ሙሉ ታንክ ይዞ የጀመረ ሰው ባዶውን ሲጨርስ ሌላ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ይመስለዋል። ወደ መሀል ስታወርዱት ልዩነቱ ይቀንሳል። ቤንዚኑ አንድ ግራም አልቀነሰም። የተቀየረው ቦታው ነው።

ሌላም አለ። ሲሊንደሩን ወደ ኋላ 8 ዲግሪ ያህል አጋደሉት። የሲሊንደሩን መሀል ደግሞ ከክራንክ ሻፍቱ መሀል 12 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ገፉት። 12 ሚሊ ሜትር የጣት ውፍረት አይሞላም። ግን ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። ክራንክ ሻፍቱ እንደ ጎማው ወደ ፊት ነው የሚዞረው። ነዳጁ ተቃጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ሲነዳው፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው የቢዬላ የታችኛው ጫፍ በፊት በኩል ነው ያለው። ሲሊንደሩ ወደ ፊት ከተገፋ ቢዬላው በዚያች ቅጽበት ይበልጥ ቀጥ ይላል። ፒስተኑም የሲሊንደሩን ግድግዳ በጎኑ የሚጫነው ኃይል ይቀንሳል። የዚህ ሞተር ፒስተን 97 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ 60.8 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል። በደቂቃ 11,000 ዙር ሲሄድ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የጎን ፍትጊያ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የአቧራው ጉዳይ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ውስጥ ሞተር የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በድሮው አሠራር የአየር ሳጥኑ ከመቀመጫው ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ነው። ጎማው አፈሩን የሚበትነው እዚያው ነው። መግቢያው ወደ ፊት ሲመጣ ከዚያ አፈር ራቀ።

የሞቶክሮስ ፊልትሮ ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ነው። አቧራ በውድድር ሞተር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ልዩ ነው። የ450ው ቫልቮች ብዙውን ጊዜ ከታይታኒየም ይሠራሉ፤ ቀላል ስለሆነ ነው። በ11,000 ዙር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ ከ90 ጊዜ በላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከባድ ከሆነ ካሙን መከተል ያቅተዋል። ግን ታይታኒየም ፊቱ ላይ የተቀባው ጠንካራ ሽፋን አንዴ ከተጫረ ቶሎ ይበላል። የሚጭረው ደግሞ ያመለጠ አሸዋ ነው። ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ሲሰምጥ በካሙና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል። ባለቤቱ ወደ እናንተ የሚመጣው "ማለዳ ማለዳ አልነሳ ይላል" ብሎ ነው። ካንዴላ ትቀይራላችሁ፣ ነዳጅ ትመረምራላችሁ። በሽታው ግን ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት፣ በፊለር ጌጅ፣ ካልሆነ አይታይም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ፊልትሮ ባወጣችሁ ቁጥር ንጹህ ነጭ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉና የመግቢያውን ቱቦ ከውስጥ ጥረጉት። ጨርቁን በሁለት ጣት መካከል እሹት። ኮረኮር ካለ አሸዋ አልፏል ማለት ነው። ፊልትሮውን አጥባችሁ ብቻ አትመልሱት፤ ጠርዙ የተቀመጠበትን እዩ፣ ቀጥሎ የቫልቩን ክፍተት ለኩ። ይህ ለሞቶክሮሱ ብቻ አይደለም። መልካ ጀብዱ ለሚመላለሰው ቦክሰር ሞተር ሳይክልም ይሠራል።

ያ የ2010 ሞዴል እንከን የለሽ ነበር አልልም። አየር የሚሳብበት ድምፅ ወደ ተወዳዳሪው ፊት ስለመጣ ይጮኻል። የሞተር ሳይክሉ ፊት ሰፋ ብሎ የተሰማቸውም ነበሩ። ነገር ግን ያማሃዎች ሐሳቡን አልጣሉትም፤ እያረሙ ቀጠሉ። በ2018 የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገባለት፤ የሞተሩን ጠባይ በስልክ ማስተካከልም ተቻለ። በ2023 ሞተሩ እንደገና ተሠራ፤ ሞተር ሳይክሉ ከ2 ኪሎ በላይ ቀለለ፣ ከፍተኛው ዙርም በ500 ጨመረ። ቴስታታው ግን እንደዞረ ነው።

ሆንዳ ለዚያው ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጠ። ቴስታታውን አላዞረም። በ2017 አየሩ ከላይ ቁልቁል እንዲገባ አድርጎ አሻሻለው። ከ2013 ጀምሮ ማርሚታውን ለሁለት ከፍሎ፣ አጭር አጭር አድርጎ በግራና በቀኝ አስቀምጦ ነበር፤ በ2021 ትቶት ወደ አንድ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ የራስን ሥራ እንደገና መዝኖ መመለስ ድፍረት ይጠይቃል። እኔ በዚህ አከብራቸዋለሁ።

አሁን ስለ ፊውል ኢንጄክሽን፣ ነዳጁን በኮምፒውተር መጥኖ ስለሚረጨው ሲስተም። በዚህ ላይ ለድሬ ልጆች የተለየ ነገር አለኝ። ከጃፓን ፋብሪካዎች መካከል ለገበያ በቀረበ የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ላይ መጀመሪያ ያስገባው ሱዙኪ ነው፤ በ2008 በአር ኤም ዜድ 450። የሚገርመው ባትሪ አልነበረውም። ተወዳዳሪው በእግሩ ሲረግጥ የሚመነጨው ጥቂት ኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፑን፣ ኮምፒውተሩንና ካንዴላውን ያነቃል።

ከዚህ ተነስታችሁ በደንገጎ ወደ ሐረር ስትወጡ ሞተራችሁ እንደሚደክም ታውቃላችሁ። እኛ ያለነው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ሙቀቱም የአየሩ ክብደትም ይለዋወጣል። ካርቡራተር ይህን ሙሉ በሙሉ አያውቅም። ለድሬ የተስተካከለው ጄት፣ ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ሐረር ላይ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ኢንጄክሽን ግን የአየሩን ግፊት በአንድ ሴንሰር፣ ሙቀቱን በሌላ ያነብባል፤ ከዚያ ነዳጁን ይመጥናል። ያነሰውን አየር አይጨምርላችሁም፤ ዳገቱ ላይ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም። የነዳጁ ልክ ግን አይዛባም። ወድቆ ሲነሳም የሞተሩን ሙቀት አውቆ ይመጥናል። ሆት ስታርት የምትባለዋ ማንሻ የጠፋችው በዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "አገሪቱ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደች ስለ ቤንዚን ሞተር ምን ይጠቅመናል?" እንደምትሉ አውቃለሁ። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ሞቶክሮሱም ውስጥ ኤሌክትሪክ ገብቷል። ፊልትሮና ቫልቭ የለውም። ከባድ ባትሪ ግን አለው። የት ይቀመጥ? ምን ያህል ዝቅ ይበል? እንዴት ይቀዝቅዝ? ነዳጁን ከመቀመጫ ሥር ያወረደው መሐንዲስ የጠየቀው ይኸንኑ ነው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ባትሪ ሲመጣለት አይደናገጥም።

ለአሠልጣኞቻችን አንድ ልመና አለኝ። ሠልጣኙ ካርቡራተር ብቻ ፈትቶ እንዳይመረቅ። አንድ የኢንጄክሽን ሲስተም፣ አሮጌም ቢሆን፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥለት። ሴንሰሩን በመልቲሜትር ይለካ፣ ሽቦውን ይከተል፣ ራሱ ነቅሎ ይትከል።

በስተጀርባችሁ ያለው ጠረጴዛ ላይ ካም ሻፍቱ የተገጠመ ባለ አንድ ሲሊንደር ቴስታታ አስቀምጠናል። ፊለር ጌጁ አጠገቡ አለ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ የመግቢያውንና የመውጫውን ቫልቭ ክፍተት ለኩና ወረቀቱ ላይ ጻፉ። የተለያየ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ለምን እንደተለያየ ቆመን እንነጋገራለን። አመሰግናለሁ።