የአክስቴ ጉልበትና የጣሊያን ደረጃዎች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሻይዬን ይዤ ብቻዬን ማይኩ ፊት ተቀምጫለሁ። የማወራችሁ በመስከረም ስለሄድነው የጣሊያን ጉዞ ነው።

ስድስት ነበርን። እኔ፣ እህቴና ባሏ፣ ሁለት ጓደኞቻችን፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ልትጠይቀን የመጣችው አክስታችን። አክስቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ይቺን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ያወጣሁት እቅድ አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። በዘጠኝ ቀን ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ናፖሊ፣ አማልፊ! በኤክሴል ሠርቼ፣ በቀለም ለይቼ ለእህቴ ላክሁላት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «የአክስቴን ሻንጣ ማነው የሚሸከመው?»

ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ግማሹ ጊዜ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የሚያልቅ ነው። ሰረዝኩት። ማረፊያውን ሁለት ብቻ አደረግነው፤ አምስት ሌሊት ሮም፣ አራት ሌሊት ላ ስፔዚያ። ላ ስፔዚያ የወደብ ከተማ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አታምርም። ግን ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉት አምስቱ የባሕር ዳር መንደሮች በባቡር የደቂቃዎች መንገድ ናቸው። አልጋውም ከመንደሮቹ ይረክሳል።

ስድስት ሰው ደግሞ ደስ የሚል ቁጥር ነው። አንድ አፓርታማ ይበቃል፤ ሬስቶራንት ሁለት ጠረጴዛ ከተገጣጠመ አለቀ። ቬኒስ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አንድ አስጎብኚ ከ25 ሰው በላይ ይዞ እንዳይዞር፣ በድምፅ ማጉያም እንዳያወራ ከልክላለች። ሮም ውስጥ ባንዲራ ተከትሎ የሚሮጠውን ሕዝብ ሳይ ቬኒሶችን አልፈረድኩባቸውም።

ገንዘቡን እንደ እቁብ ነው ያደረግነው። እያንዳንዳችን መቶ ዩሮ አዋጣን፤ ገንዘብ ያዥ አክስቴ። ጣሊያን ውስጥ ሂሳቡ ለጠረጴዛው በአንድ ላይ ነው የሚመጣው። ኮፔርቶ የሚሉት የመቀመጫ ሂሳብም ብዙ ቦታ በነፍስ ወከፍ ይታከላል። ለየብቻ ልክፈል ብሎ ከመጨቃጨቅ ገላገለን። አክስቴ እያንዳንዷን ሳንቲም ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ከጉዞው በፊት ግን ጉድ ነው የሆንኩት። የኮሎሲየም ትኬት ስምና ሰዓት ተጽፎበት ነው የሚሸጠው፤ ስሙ ከፓስፖርት ጋር መግጠም አለበት። ልሞላ ተቀምጬ አክስቴ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ለካ የመዝገብ ስሟን አላውቀውም! ዕድሜ ልኬን የጠራኋት በቤት ስሟ ነው። ደውዬ ስጠይቃት፣ «አሁን ገና አስታወስሽኝ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሮም ስንደርስ ከቴርሚኒ ጣቢያ ወጣን። ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ የተሰየመ። ሐውልቱም እዚያው አጠገብ አለ። አስጎብኚ አልነበረንም፤ አስጎበኘችን ካላችሁ አክስቴ ናት። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እዚህ ሐውልት ሥር ቆሞ እንደነበር፣ ዘርዓይ ደረስም የተንበረከከው እሱ ፊት እንደሆነ ተረከችልን። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነው ይሄን ሁሉ የምትለው። ከዚያ «በሉ ቡና» አለች።

ባንኮኒው ጋ በኩራት «ማኪያቶ» ብላ አዘዘች። በሷ ቤት ቋንቋውን ቻለች። የመጣላት የአውራ ጣት የምታህል ስኒ ናት፤ ቡናዋ ላይ ትንሽ የወተት አረፋ ጠብ ተደርጎባታል። አየቻት። ዞር ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቅምሻው ነው?» የአዲስ አበባው ማኪያቶ ስሙ ነው እንጂ የጣሊያን፣ ወተቱ የኛ ነው ብዬ አስረዳኋት። ሁለተኛ ደገመች።

የቀኑ ሕጋችን ይሄ ነበር። ከምሳ በፊት አንድ ነገር ብቻ እናያለን። ከምሳ በኋላ ምንም አይያዝም። የፈለገ ይተኛል፣ የፈለገ ይዞራል። ጓደኞቼ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በሦስተኛው ቀን እነሱ ናቸው ከሰዓት የሚተኙት።

ላ ስፔዚያ የገባን ማግስት ዓርብ ነበር። አክስቴ ትጾማለች፤ እዚያ አገር ደግሞ ፔስቶ የሚሉት የበሶብላ ስጎ ሳይቀር አይብ አለበት። ስንዞር አንድ ምድጃ ቤት በር ላይ ሰልፍ አየን። ሰፊ ክብ መጥበሻ፣ ላዩ ወርቃማ፣ ጠርዙ ያረረ ነገር፤ በቢላ እየቆረጡ በወረቀት ይሰጣሉ። ፋሪናታ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፤ ሌላ የለበትም። አክስቴ ቆረሰች፣ አላመጠች፣ ዝም አለች። ቀጥላ «ሽሮውን ጋገሩት እንዴ?» አለች። የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ተመለስን።

የባቡሩን ነገር ቶሎ ልበለው። የሰፈር ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት ማሽን ላይ ማስመታት ግድ ነው። ሮጠን ገባን፣ ረሳነው፣ ተቀጣን። አክስቴ ደብተሯ ላይ «የችኮላ» ብላ መዘገበችው።

ከአምስቱ መንደሮች ኮርኒሊያ ብቻዋን ገደል አናት ላይ ናት። ከጣቢያው ወደ ላይ 382 ደረጃ አለ። ትንሽ አውቶቡስም አለች። እኛ አምስታችን «በእግር ካልወጡት ምን ትርጉም አለው» ብለን ተጀነንን። አክስቴ አውቶቡሷን ያዘች። መቶኛው ላይ መሳቅ አቆምን። ሁለት መቶኛው ላይ የእህቴ ባል ፎቶ ላንሳ እያለ በየዕረፍቱ ይቆማል፤ ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም። ላይ ስንደርስ አክስቴ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ውኃ ተቀድቶላት፣ ከጎኗ ካሉ አንዲት የመንደሩ አሮጊት ጋር በምልክት ታወራለች። ስለ ጉልበት ነው የሚያወሩት። ሴትየዋም የራሳቸውን እየደበደቡ ያሳዩዋታል።

«ከየት ነው የምትመጡት?» አለችን፣ እንደማታውቅ ሆና።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደወለች። ለሚቀጥለው ዓመት አስባበታለች። «ቬኒስ ሁሉ ነገሩ ውኃ ነው አይደል? ደረጃ አይኖረውም» አለችኝ። ከአራት መቶ በላይ ድልድይ እንዳለው፣ አብዛኛውም በደረጃ እንደሚወጣ ገና አልነገርኳትም።