ቀርፋፋው ቤዚክ አልነበረም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ አንድ የድሮ ጥፋቴ ላውራችሁ።

ትልቅ የጽሑፍ ፋይል ቤዚክ (BASIC) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማንበብ ነበረብኝ። በየመስመሩ አንድ ቁጥር አለ፤ ሥራዬ መደመር ብቻ ነው። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። መጀመሪያ ላይ ይሮጣል። ቆይቶ ይዝላል። ከዚያማ በቃ፣ ቀጥ! «ምን ይደረግ፣ የጀማሪ ቋንቋ ነው» አልኩ። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ዳርትመዝ ኮሌጅ ውስጥ የሠሩት ለተማሪ አይደል? ጥፋቱን እነሱ ላይ ጥዬ ተገላገልኩ።

ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር። በላይን ኢንፑት (መስመር በሚያነበው ትእዛዝ) አንድ መስመር አነባለሁ፣ እስካሁን የሰበሰብኩት ስትሪንግ (የፊደላት ሰንሰለት) ጫፍ ላይ እቀጥላለሁ፣ ደግሞ አነባለሁ። ሲያዩት ምንም አይልም። ችግሩ፣ ስትሪንግ ላይ ሲቀጠል አብዛኛው ቤዚክ አዲስ ቦታ ይይዝና የነበረውን በሙሉ ወደዚያ ይገለብጣል። አንድ ኩባያ ውሃ ለመጨመር በርሜሉን ሙሉ ወደ ሌላ በርሜል እንደማዞር ነው። አስቡት፦ እያንዳንዳቸው 100 ባይት የሆኑ 10,000 መስመሮች ቢኖሩ ፋይሉ 1 ሚሊዮን ባይት ነው። የሚገለበጠው ግን ወደ 5 ቢሊዮን ባይት ይጠጋል! መስመሩ 10 እጥፍ ሲሆን ልፋቱ 100 እጥፍ ይሆናል።

ደግሞስ ፋይሉን ሙሉ ሜሞሪ ውስጥ መያዝ ለምን አስፈለገኝ? መስመሩን አንብቤ፣ ቁጥሩን ደምሬ፣ መስመሩን መርሳት። ይኸው ብቻ አብዛኛውን ችግር ፈታው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ፍጥነት ያስጎመጃል። ፋይሉን በባይነሪ (መስመር ሳይለይ እንደ ጥሬ ባይት) ከፍቼ 64 ኪሎባይት የሆነ ቁራሽ፣ ማለትም ብሎክ፣ በአንዴ መዛቅ፣ የመስመር ማብቂያ ምልክቱን ደግሞ በኢንስተር (ስትሪንግ ውስጥ በሚፈልገው ትእዛዝ) መፈለግ ጀመርኩ። በጣም ፈጠነ። ድምሩ ግን ተሳሳተ።

ግማሽ ቀን ፈለግኩ። ለካ 48350 የሚል ቁጥር ሁለት ብሎክ መሃል ወድቋል። 48 በአንደኛው መጨረሻ፣ 350 በሚቀጥለው መጀመሪያ። ፕሮግራሜ ሁለት ቁጥር አድርጎ ደመራቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያላለቀችውን ጭራ አስቀምጦ ከሚቀጥለው ብሎክ ፊት መለጠፍ።

አስተካከልኩ፣ ደመርኩ፤ አሁንም ትንሽ ይጎድላል። ፋይሉ ያለ መስመር ማብቂያ ምልክት ነበር የሚያልቀው። የመጨረሻዋ ቁጥር ጭራው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ የማይመጣ ብሎክ ትጠብቃለች።