ባትሪውን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽትን በመለካት ማግኘት

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቼ። በእጄ የያዝኩት ይህ ትንሽ ቢጫ ዕቃ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ በብዙ ያነሰ ሆኖ ሳለ በስንት ጋራዥ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። እሱ ተኝቶ ሳለ ባትሪው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እና ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተራ በተራ ይቀየራሉ። ዛሬ የምናወራው መኪናዋን እየለካን ብልሽቱን ስለማግኘት ነው፤ ዕቃ እየቀያየሩ ስለመገመት አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ጡረተኛ ቪትዛቸውን ይዘው ወደ ደጄ መጡ። «ይዘው» ማለቱ እንኳን ይከብዳል፤ ሦስት ጎረምሶች ከኋላ እየገፉላቸው ነበር። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ጡረታዬን ጨረሰችው» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። የመጀመሪያው ሠራተኛ «ባትሪው ሞቷል» አላቸውና አዲስ ባትሪ ገዙ፤ መኪናዋ ለአራት ቀን ሠራች። ሁለተኛው «ሞተሪኖው ነው» አላቸውና ያገለገለ ሞተሪኖ ከሱማሌ ተራ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ለሁለት ሳምንት ሠራች። ሦስተኛው ደግሞ «ዲናሞው አይሞላም» ብሎ ዲናሞውን አስቀየራቸው፤ በሦስተኛው ቀን እኔ በር ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መኪናዋ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ሠርታለች፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሞተሪኖ ለማውጣት መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፣ ይታጠፋል፣ ይጎተታል፣ ከዚያም ተመልሶ ይታሰራል፤ በገመዱ በሌላኛው ጫፍ የዛገ ግንኙነት ካለ በዚህ መነካካት ብቻ ለጊዜው ይነቃል። ባለቤቱ አዲሱን ዕቃ ያመሰግናል፣ ሠራተኛው በራሱ ይኮራል፣ ዝገቱ ደግሞ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ምወደው ምሳሌ ልግባ፤ የቆዩ ተመልካቾቼ «ደግሞ ታክሲውን ሊያመጣ ነው» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዎ፣ ታክሲውን ላመጣ ነው።

ባትሪውን መገናኛ አድርጉት። ሞተሪኖውን አያት አድርጉት። ኤሌክትሪኩ በመሐል የሚመላለሰው ሚኒባስ ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ጉልበቱ ነው። ታክሲው መገናኛ ሰው ይጭናል፣ በሲኤምሲ በኩል ያልፋል፣ አያት ላይ ያወርዳል፣ ከዚያ ባዶውን ይመለሳል። መመለሱን አትርሱ! ብዙ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስብ መሄጃውን መንገድ ብቻ ያስባል፤ ፖዘቲቩን ገመድ ያያል፣ ፊውዙን ያያል፣ ሪሌውን ያያል፣ መመለሻውን ግን ይረሳዋል። አሁን ከአያት ወደ መገናኛ የሚመልሰው መንገድ ለቁፋሮ ተዘጋ እንበል። ሰልፉ የት ይታያል? መገናኛ! ሰዉ መገናኛ ቆሞ «ታክሲ የለም» እያለ ያማርራል፤ ታክሲው ግን አለ፣ አያት ላይ መመለሻ አጥቶ ቆሟል። ለዚህ ችግር መገናኛ ላይ አዲስ ታክሲ ብትጨምሩ ምን ይጠቅማል? እሱም ሄዶ እዚያው ይቆማል። ያ አዲስ ታክሲ እንግዲህ ጡረተኛው የገዙት ባትሪ ነው።

ምሳሌው አላለቀም፤ ዋናው ክፍሉ ገና ነው። መንገዱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ከአራቱ መስመር አንዱ ብቻ ክፍት ነው እንበል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ በዚያ መንገድ አንድ መኪና ብታሳልፉ ሽው ብላ ታልፋለች፤ «መንገዱ ደህና ነው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ፣ በዚያው መንገድ ለማለፍ ሞክሩ እስቲ። መንገዱ ያው ነው፣ የተለወጠው ጭነቱ ነው። በቴስተር ኦም፣ ማለትም ገመዱ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ፣ መለካት ማለት በሌሊት አንድ መኪና እንደማሳለፍ ነው፤ ቴስተሩ በገመዱ ውስጥ የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ፣ ከመቶ ክር አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድ እንኳን «ዜሮ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስላችኋል። ስለዚህ ወፍራም ገመድ የሚለካው በሥራ ሰዓቱ፣ ጭነት ላይ ሳለ ነው።

[የሞተር ክፍሉ በቅርበት ይታያል]

ወደ ቪትዟ እንመለስ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አደረግሁት። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ፣ ማለትም በገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ከባትሪው በወጣው በራሱ በእርሳሱ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ደግሞ በሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለምና ዘይት በሌለበት ቦታ ላይ አስነካሁ። ቴስተሩ ዜሮ አለ። «ቁልፉን ያዙሩልኝ ጋሼ» አልኳቸው። «ጠቅ» አለች፣ ቁጥሩም ወደ 2.9 ቮልት ዘለለ። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። በሁለቱ ጫፎች መሐል ያለው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ እሱም በሥራ ሰዓት ከ0.2 ቮልት በላይ ሊበላ አይገባውም። ገመዱን ተከትዬ ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈታሁት፤ ከላይ ንጹሕ የሚመስለው ቀለበት ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ፣ ብሎኑም በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሃያ ደቂቃ። ድጋሚ ስለካው 0.08 አለ፣ ሞተሩም በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም፤ «ፓውዛው፣ የፊት መብራቱ፣ ደምቆ ይበራ ነበር እኮ፣ እንዴት ገመድ ይሆናል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ግሩም ነው። ሞተሪኖ ሲያዞር በትንሽ መኪና እንኳን 150 አምፔር ያህል ይስባል። የዛገው ግንኙነት 0.02 ኦም ብቻ ቢሆን፣ 150 ሲባዛ በ0.02 ሦስት ቮልት ይሆናል፤ ያ ሁሉ ዝገቱ ላይ ይቀራል። 55 ዋት የሆነ የፓውዛ አምፖል ግን 5 አምፔር እንኳን አይሞላም፤ በዚያው ዝገት ቢያልፍ የሚያጣው 0.1 ቮልት ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የፓውዛው መመለሻ በሞተሩ ሳይሆን በቦዲው በኩል ስለሆነ ዝገቱን ጨርሶ አያገኘውም። የጀርመኑ መምህር ጌዮርግ ኦም ይህን «አምፔር ሲባዛ በኦም ቮልት ይሆናል» የሚል ሕግ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ተጠግቶታል፣ እኛ ግን ዛሬም ፓውዛ አብርተን በዓይናችን እንመረምራለን።

ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፤ መሠረቱን ስለምታውቁ አላብራራም፣ ያልገባችሁ ስለ ቴስተር አጠቃቀም የሠራሁትን የቀድሞውን ቪዲዮ ተመልከቱ፣ እግረ መንገዳችሁንም ሰብስክራይብ አድርጉ። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር በባትሪው ሁለት እርሳሶች ላይ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ በመጀመሪያ ባትሪውን ሞልታችሁ ድጋሚ ለኩ፣ ሙሉ ሆኖም ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል። ቆሞ 12.6 የሚያሳይ፣ ሲጫን ግን 7 ላይ የሚወድቅ ባትሪ አለና በቆመበት ብቻ አትመኑት። ከባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ የሚጠፋው ከ0.5 ቮልት አይለፍ። ሞተር ተነሥቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.7 ካነበባችሁ ዲናሞው ይሞላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልነግራችሁ ነበር፣ ከባለፈው ቪዲዮ በኋላ የመጣው ጥያቄ አላስቀምጠኝ አለ። በጣም ብዙ ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለምን ታደክመናለህ? ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው፤ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል፣ ካልጠፋ ደህና ነው።»

እባካችሁ አታድርጉት። ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አባቶቻችን በቮልስ ዘመን ያደርጉት ነበር፣ ቮልስ ደግሞ ፑንቲናና ካንዴላ እንጂ ኮምፒውተር አልነበራትም፤ የሚቃጠል ነገር ስላልነበረ ምንም አይሆንም ነበር። የዛሬ መኪና ግን ሞተሩን፣ ኤርባጉን፣ ፍሬኑን እና ኳድሮውን የሚቆጣጠሩ ኮምፒውተሮች የተሸከመ ነው። ባትሪው ኤሌክትሪክ ከማጠራቀም በተጨማሪ ቮልቱን ያረጋጋል፤ ዲናሞው አጥብቆ እየሞላ ሳለ ባትሪውን በድንገት ብትነጥሉት፣ ዲናሞው ያመርተው የነበረው ጉልበት መሄጃ ያጣና ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል። ማፈኛ በሌለው ዲናሞ ይህ ዝላይ ከ80 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ 12 ቮልት ለለመደ ኮምፒውተር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ ግን ይበቃል።

«እኔ አሥር ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የምትሉ አላችሁ። አምናለሁ። መኪና በመጣ ቁጥር ግራ ቀኝ ሳያይ አስፋልት የሚሻገርም ሰው ምንም ሳይሆን ቤቱ ይገባል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዘዴው መልስ እንኳን አለመስጠቱ ነው፤ በውስጡ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት ዳዮዶች አንዱ የተቃጠለበት ዲናሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ሊያቆየው ይችላል፣ ባትሪውን ግን በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ መኪናችሁን ለአደጋ አጋልጣችሁ የምታገኙት መልስ የውሸት ነው። በምትኩ ሞተሩን አስነሥታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ ፓውዛውን፣ ማራገቢያውን እና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሩና ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ከ13 ቮልት በላይ ከቆየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሩ ራሱ አውቆ የዲናሞውን ቮልት ዝቅ ያደርገዋልና፣ ጭነት ሳታበሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ። ይህን ርዕስ ድጋሚ አላነሣውም፤ ካነሣሁት አስታውሱኝ።

የዚህ ልማድ ታናሽ ወንድም፣ የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ማሽን መኪናዋ ላይ ሰክቶ «ማሽኑ ሴንሰሩ ነው አለ» የሚለው ነው። ማሽኑ እንዲህ አይልም። ለምሳሌ ፒ0135 የሚለው ኮድ የሚናገረው ስለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ማሞቂያ ሰርኪዩት ነው። ሰርኪዩት ማለት ፊውዙም፣ ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ መመለሻው ግራውንዱም፣ ሴንሰሩም ነው፤ ማሽኑ የሰፈሩን ስም ነገራችሁ እንጂ የቤት ቁጥሩን አልነገራችሁም። ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ሞተሩ እየሠራ 12 ቮልት እና ደህና ግራውንድ መድረሱን ሳትለኩ ሴንሰር ከገዛችሁ፣ የተቃጠለውን የ15 አምፔር ፊውዝ በሴንሰር ዋጋ ገዛችሁት ማለት ነው። ፊውዙን በሲጋራ ወርቅ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልሰውን ሰው ጉዳይ ለራሱ ለብቻው አንድ ቪዲዮ አዘጋጅቼለታለሁ፤ ተናድጄ ስለቀረጽሁት ድምፄ ከፍ ይላል።

አድሮ ለሚያልቅ ባትሪ ደግሞ ባጭሩ፦ ቁልፉን አውጡ፣ የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ 10 አምፔር ሶኬቱ አዛውሩ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ነቅላችሁ ቴስተሩን በእርሳሱና በገመዱ መሐል አስገቡ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። በዚህ ጊዜ በር አትክፈቱ፣ ሞተርም ለማስነሣት አትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። በአብዛኛው መኪና የሚቀረው ከ50 ሚሊአምፔር በታች መሆን አለበት። ግማሽ አምፔር ካያችሁ፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ90 ሰዓት ባዶውን ይቀራል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወድቅበትን ፈልጉ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመ አላርም እና በፕላስተር ተጠምዝዞ የታሰረ የቴፕ ሽቦ ነው።

«እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ይህ አይመለከተኝም» ለምትሉም አንድ ቃል አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በዝቷል። የእናንተም መኪና አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለቻት፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እንኳን መኪናው አይነቃም። እሷን እንደማንኛውም ባትሪ ለኩ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ግን በፍጹም አትንኩ፤ ለእነሱ የሠለጠነ ሰው አለ።

ጡረተኛው ጎረቤቴ የተቀየረውን አሮጌ ባትሪ አልጣሉትም ነበር። አስመጥቼ ሞላሁት፣ አሳድሬ ለካሁት፣ 12.6 ቮልት አለ፤ በራሷ በቪትዟ ላይ አስሬ ሳስነሣት ደግሞ ከ10 ቮልት በታች አልወረደም። ዝም ብለው ቁጥሩን አዩት፣ ከዚያ «አዲሱን ይመልሱልኝ ይሆን?» አሉኝ። አልመለሱላቸውም። አሁን መብራት ሲጠፋ ሬዲዮናቸውን በአሮጌው ባትሪ ያዳምጣሉ።