ያልገባው ይጠይቅ፣ የገባውም አይሳቅ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዛሬ ተመራቂዎቻችን፣ ውድ እንግዶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የተለመዱ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና ትርጉማቸው» የሚል ነው። ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ዝርዝሩም እጄ ላይ አለ። ከዝርዝሩ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እውነቱን ለመናገር የመጣሁትም ለእሱ ነው።

ይህን የማታ የእንግሊዝኛ ክፍል ታውቁታላችሁ። ቀን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ፣ ፓርኪንግ ሲጠብቁ፣ አረጋውያን ሲያጥቡና ሲያበሉ የዋሉ ሰዎች ማታ ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡበት ክፍል ነው። ብዙዎቹ እራት ሳይበሉ ይገባሉ። ኡበር ሲነዳ ውሎ መኪናውን ደጅ አቁሞ የሚገባም አለ። እነዚህን ሰዎች ሳላከብር የዋልኩበት ቀን የለም።

ከእነሱ አንዷን ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ቢሮው አስጠራት። ቁጭ በይ አላት። እንግዳ እንደቀነሰ፣ ሥራ እንደቀዘቀዘ፣ እሷም ጎበዝ ሠራተኛ እንደሆነች ነገራት። መጨረሻ ላይ «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» አላት።

እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች። «ሌት» መፍቀድ ነው። «ጎ» መሄድ ነው። እንግዲህ ሥራ ስለሌለ ዛሬ በጊዜ ወደ ቤትሽ ግቢ ያላት መሰላት። «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ ሶ ማች» አለችው። ሰውየው ግራ ገባው። ወረቀት አቀረበላት፣ ፈረመች። ደስ ብሏት ወጣች። ልጇን ራሷ ከትምህርት ቤት አመጣችው። ሁልጊዜ ጎረቤት ነበር የሚያመጣላት። ማታም ዶሮ ሠራች፤ በሥራ ቀን ዶሮ የሚሠራ ሰው ስንት ነው?

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ሄደች። የሠራተኞች መግቢያ በር ካርዷን አልቀበል አለ። ደጋግማ ሞከረች። ጥበቃው መጥቶ ስሟን ኮምፒውተር ላይ ፈለገና «አንቺ እኮ ከእንግዲህ እዚህ አትሠሪም» አላት። የሥራ ጓደኞቿ ከኋላዋ ተሰልፈው ነበር።

አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም። እዚህ አሜሪካ «አባረርንህ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ስለሚከብድ በዚህ አነጋገር ይሸፍኑታል። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እሁድ ማኅበር ላይ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ጓደኛ በተሰበሰበበት፣ ልቧ እንዲቀልላት ብላ የደረሰባትን ተናገረች። የኛው ሰዎች ሳቁ። «ሲያባርርሽ አመሰገንሽው?» እያሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ነገሩ ከቤት ቤት ዞሮ ቀልድ ሆነ። የሥራ አጥ ክፍያ ማመልከት እንዳለባት የነገራት ሰው ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልተገኘም! ክፍያው ደግሞ በአብዛኛው ካመለከቱበት ሳምንት ጀምሮ ነው የሚታሰበው፤ ያለፈው አለፈ።

ወደ እኛ ክፍል ስትመጣ አፏን አትከፍትም ነበር። ገባሽ? አንገቷን ትነቀንቃለች። አልገባሽም? ያኔም ትነቀንቃለች። ያስተማርናት እኛ ነን፤ ሰው ፊት አታውሪ ብለን።

ወገኖቼ፣ እስቲ በግልጽ እንነጋገር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ትናንት ከቦሌ የተሳፈርን፣ በሱዳን በኬንያ አድርገን የደረስን ሰዎች ነን። አሥርና ሃያ ዓመት ቀድሞ መምጣት ዕድል ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። አዲስ የመጣውን ሰው አክሰንት እየቀዳችሁ ሠርግ ላይ የምትስቁ፣ እባካችሁ ተዉ! የእናንተ ሳቅ ሰው ሥራ ያሳጣል። የእናንተ ሳቅ ሰው ሐኪም ፊት ያልገባውን ገባኝ እንዲል ያደርጋል። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬንም አልደብቅም።

ፈሊጥ አለማወቅ ድንቁርና አይደለም። ፈሊጥ በማሰብ ብዛት አይገኝም፤ ሲነገር ሰምቶ፣ ጠይቆ ነው የሚታወቅ። አንድ አሜሪካዊ አማርኛ ተምሮ ቢመጣና «እግሬ አውጪኝ አልኩ» ብትሉት ከየት ነው የምታወጣህ ይላችኋል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብትሉት ጆሮ ምን ለበሰ ይላል። ሰነፍ ስለሆነ ነው? አይደለም።

አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ የተማረ መሐንዲስም ስብሰባ ላይ ይጠፋዋል። ለምን ቢባል ግማሹ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ቋንቋ የመጣው ከቤዝቦል ሜዳ ነው። «ታች ቤዝ» ሲሉ እንገናኝና እናውራ ማለታቸው ነው። «ቦልፓርክ ፊገር» ማለት ግምታዊ ቁጥር ነው። «ከርቭ ቦል» ያልጠበቁት ችግር ነው። ካሊፎርኒያማ በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች ነው) ሦስተኛ ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ ስታወጣ ስሙን «ስሪ ስትራይክስ» ብለውታል፤ ሦስት ኳስ የሳተ ተጫዋች ይወጣል ከሚለው ደንብ። ከእኛ ሰፈር ልጅ ማን ቤዝቦል ተጫውቶ አደገ?

«ሬይን ቼክ»ም ከዚያው ሜዳ ነው። ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን የሚሰጥ ትኬት ነበር። ጎረቤታችሁን ቡና ጠርታችኋት «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ካለቻችሁ አልመጣም ብላ መናቋ አይደለም። ዛሬ አልተመቸኝም፣ ሌላ ቀን ጥሪኝ ማለቷ ነው። ስለዚህ አትቀየሟት፤ ሌላ ቀን ጥሯት። በዚህች አንዲት አነጋገር ምክንያት ሰላምታ የተቋረጠባቸው ጎረቤታሞች አውቃለሁ።

እኛስ ተማሪ ቤት የሸመደድነው ምን ነበር? «ድመትና ውሻ ዘነበ»፣ ዶፍ ጣለ ማለት ነው። «ኪክ ዘ በኬት»፣ ሞተ። ይህ አባባል በ1785 ለንደን ውስጥ በታተመ መዝገበ ቃላት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ በዚያ አነጋገር ለቅሶ ቤት ብትገቡ ነውር ነው፤ «ፓስድ አዌይ» ነው የሚባለው። ለእንጀራችን የሚያስፈልጉንን ማንም አላስተማረንም። «ሌት ዩ ጎ»፣ «ካት ኮርነርስ»፣ «ሄድስ አፕ»። ሥራ ተባረርክ፣ ሥራውን አድበስብሰህ ሠራህ፣ አስቀድሜ ላሳውቅህ። የኛ ክፍል ከእነዚህ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ሐኪም ቤት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሐኪሙ እናታችሁ «አንደር ዘ ዌዘር» ናት ቢል ትንሽ አሟታል ማለቱ ነው። «ታች ኤንድ ጎ» ካለ ግን በሞትና በሕይወት መካከል ናት ማለት ነው። «ኖት አውት ኦፍ ዘ ዉድስ» ካለ ገና ከአደጋው አልወጣችም። እነዚህን የ10 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት! ልጁ ቃሉን ላያውቀው ይችላል። ካወቀውም የአያቱን ሞት በእሱ አንደበት ልታናግሩት ነው። ከ2010ሩ የጤና መድን ሕግ በኋላ የወጣው ደንብም ሐኪም ቤቶች ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን እንዳያስተረጉሙ ይከለክላል።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ያዛል፤ የቋንቋ አገልግሎት መብትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። አማርኛችን ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡትን የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ሽረዋል። የ1964ቱ ሕግ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» በሉ። አትፈሩ።

ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ አስተርጓሚ ሳይኖር አንገት አትነቅንቁ። ሥራ ቦታ ያልገባችሁን «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ያስረዳል። ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ።

የቀሩት ፈሊጦች በር ላይ በተቀመጠው ወረቀት አሉ፤ ስትወጡ ውሰዱ። ያቺ እህታችን ዛሬ ሌላ ሆቴል ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ ከተመራቂዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። በሚቀጥለው ክፍል በሥራ ቦታ አነጋገር ላይ አብራን ልታስተምር ተስማምታለች። እንግሊዝኛ እናውቃለን የምትሉ ሁሉ ከእሷ ጋር ስማችሁን አስመዝግቡ፤ አራት አስተማሪ ይጎድለናል። መዝገቡ ከመድረኩ አጠገብ ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን የምስክር ወረቀቱን እንስጥ።