ሁሉም ሲስማሙ ነው የምፈራው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤

ለጡረታ ሽኝቴ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አመሰግናለሁ ብዬ ብቀመጥ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። አልቀመጥም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር የሆነውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ቦይንግ 737 ሲነሳ እርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገቡ። 35 ሰው አለቀ። እርግብ ግን ይታያል፣ ይባረራል። እኔን የሚያስፈራኝ የማይታየው ነው።

አውሮፕላን ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት የጂፒኤስ ሳተላይት ያለው ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ምልክቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደክሞ ነው። አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ማወኪያ ትውጠዋለች። ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የላይኛው የአየር ንብርብር፣ አዮኖስፌሩ፣ ራሱ ይረብሸዋል።

ታዲያ አውሮፕላኑ ላይ ያለው የጂፒኤስ ተቀባይ ስህተትን በምን ያውቃል? በሽምግልና! አንድ ጊዜ ዘጌ ላይ የቡና መሬት ወሰን ክርክር ሲታይ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው አራት ምስክር ሰምተው ዝም አሉ። አምስተኛው ሲጨመር ነገሩ አልገጥም አለ። «ከእናንተ አንዱ ዋሽቷል» አሉ። ማን እንደሆነ የለየው ስድስተኛው ነው። በልቤ «ኧረ ይሄ ሬይም ነው!» አልኩ። ሬይም ማለት ተቀባዩ ሳተላይቶቹን እርስ በርስ የሚያመሳክርበት ዘዴ ነው። በአራት ሳተላይት ቦታህን ታገኛለህ። በአምስት ስህተት መኖሩን ትነቃለህ። በስድስት ጥፋተኛውን ለይተህ ታስወጣለህ። (ሽማግሌው በኋላ ቡና ጋበዙኝ። ስለ ሳተላይት ትንፍሽ አላልኩም።)

ስድስቱንም አንድ ሰው ቢገዛቸውስ? ስፑፊንግ ማለት ይሄ ነው። ሐሰተኛው ምልክት ሁሉንም ሳተላይት መስሎ ይናገራል። ሁሉም ይስማማሉ፣ ሬይምም ዝም ሊል ይችላል። አብራሪው በሰላም እየበረረ «ተራራ!» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጮህበታል። የአውሮፕላኑ ሰዓትም ይዛባል። ጀሚንግ፣ ምልክቱን ማፈን ብቻ፣ በስንት ጣዕሙ! ቢያንስ ምልክቱ ሲጠፋ ይታወቃል።

እና አንድ ስብሰባ ላይ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ «ሳተላይት እያለ ቪኦአር ምን ይሠራል?» ተባልኩ። ጌቶቼ! ቪኦአር ለአብራሪው አቅጣጫ የሚነግር የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ የሚናገረውም ከምድር ነው። ሳተላይቱ በ1575.42 ሜጋኸርዝ፣ እሱ ከ108 እስከ 118 ባለው። አልተማከሩም! ያልተገዛው ምስክር እሱ ነው! ክረምቱን ሙሉ በጣና ትንኝ እየተበላሁ ስጠግነው የኖርኩት ለጌጥ መስሏችኋል?

ስለ ሥልጠናም ጽፌ ነበር፤ ይለፍ። የመሣሪያ ክፍሉ ቁልፍ ይኸው። በሩ ገፋ ካላደረጋችሁት አይከፈትም። ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው፣ እንብላ።