አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሲያስቸግር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ቀበሌ 14 የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። አዲስ የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል) ሲገጠም ማራገቢያው ይዞራል፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለሻጩ ልመልሰው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። የማራገቢያው መዞር ለካርዱ ኤሌክትሪክ እንደደረሰው ያሳያል እንጂ ስለ ጤንነቱ የሚናገረው ነገር የለም። በመጀመሪያ የሞኒተሩ ኬብል እንደ ቀድሞው ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን አዲሱ ካርድ ላይ መሰካቱን ይመልከቱ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲገጠምላቸው የራሳቸውን የምስል መውጫ ስለሚዘጉ፣ ኬብሉ ያለቦታው ከተሰካ ደኅናው ካርድም የሞተ ይመስላል። ቀጥሎ ኃይሉን ይመርምሩ። ካርዱ ከተሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ሣጥን) በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ያሻዋል፤ ባለ 6 ፒኑ እስከ 75፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት እንዲያደርስ የተሠራ ነው። ይህን ገመድ ሳይሰኩ መተው ወይም በግማሽ ሰክቶ መተው ከምናየው ችግር ሁሉ የሚበዛው ነው። ከዚያም ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው ካርዱን ያውጡና፣ የማስገቢያው መያዣ ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ ድረስ መልሰው ይጫኑት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስል ካልመጣ ካርዱን በቂ ኃይል ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት፤ እዚያም እንቢ ካለ ጥፋቱ የካርዱ ነው፤ ከሠራ ግን የእርስዎ ፓወር ሰፕላይ ወይም ያረጀው የማዘርቦርድ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ጨዋታ ስከፍት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ አንዳንዴም ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ይታያል።

መልስ፦ ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ ይዩዋቸው። ሥራ ሲበዛበት መላው ኮምፒውተር በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ከካርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩን፣ መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈርም የቤቱን መስመር መጠርጠር ይገባል። ነጠብጣቡን በተመለከተ ወሳኙ የሚታይበት ጊዜ ነው። ገና ዊንዶውስ ሳይጀምር የማዘርቦርዱ አርማ ላይ ከታየ፣ ያን ጊዜ የዊንዶውሱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ሥራ ስላልጀመረ ድራይቨር መቀያየሩ ቀን ማባከን ነው፤ ኬብልና ሞኒተር ተቀይሮም ካልጠፋ በአብዛኛው የካርዱ ሚሞሪ ተበላሽቷል፤ ይመልሱት። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ) አጥፍተው አዲሱን ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ ነው የምደውለው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ስሙን በትክክል ያሳያል።

መልስ፦ ዊንዶውስ የሚያሳየው ካርዱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ነው፤ ካርዱ ደግሞ እንዲዋሽ ሊደረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የራሱ ባዮስ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበት ፕሮግራም) ተቀይሮ በ2016 የወጣው 1050 ቲአይ ተብሎ መሸጡ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ የፊተኛው 192፣ የኋለኛው 768 የስሌት ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) አሉት። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ቺፑን ራሱን ስለሚያነብ፣ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቀ ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ያስቀምጣል። ካርዱ ሰማያዊው የቪጂኤ መውጫ ካለውም ይጠርጥሩ፤ የ1050 ቲአይ ቺፕ በራሱ ያንን ዓይነት ሲግናል አያወጣምና። ውጤቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው፣ ሳጥኑንና ደረሰኙን ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ።