«ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ኦንላይን ለምታስተምሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውጭ አገር ላሉ ልጆች አማርኛ በዙም የምታስተምሩ፣ ማታ ማታ ሂሳብ የምታስጠኑ፣ ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና የምታቀርቡ፣ ኑ ወደዚህ።

መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል። ዝም። «ጥያቄ ያለው?» ዝም። «እሺ፣ እንቀጥል።» ታውቁታላችሁ አይደል? በኔ እምነት ችግሩ ተማሪው አይደለም። ጥያቄው ነው።

እስቲ እንቆቅልሽን አስቡት። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል። ሌላው «ምን አውቅልህ» ካላለ ጨዋታው አይጀመርም። አይጀመርም! «ምን አውቅልህ» ለማለት ደግሞ ምንም ማወቅ አይጠይቅም። ትንሹም ልጅ ይላል፣ አያትም ይላሉ። አፉን ከፈተ ማለት ጨዋታው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው። መላሹ ያስባል፣ ይሞክራል፣ ይስታል። ካቃተውስ? «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ መልሱን ይሰማል፣ ቀጣዩ ይመጣል። አያችሁ? አለማወቅም መውጫ በር አለው። እኔ ይሄን ጨዋታ የምወደው ለዚህ ነው።

ወደ ዙም እናምጣው። ገና እንደጀመራችሁ ማንም የሚመልሰውን ጠይቁ፦ «ያላችሁበትን ከተማ ቻት ላይ ጻፉ።» ይሄ «ምን አውቅልህ» ነው። ቀጥሎ በ«ገባችሁ?» ፋንታ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳዩ። «ትክክሉ የቱ ነው? 1 ወይም 2 ጻፉ። ያላወቀ 0 ይጻፍ።» ዜሮዋ አገር መስጫ ናት። እሷን እንዳትረሱ!

ከዚያ ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ያየችው ነገር አለ። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱትም በዙ። ያ እንግዲህ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ነው። ኦንላይን ላይ ኔትወርኩ ይዘገያል፣ ማይክ መክፈት አለ፣ በስልክ መጻፍ አለ። ስለዚህ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ይረዝምባችኋል። ይርዘም።

አሁን አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ደጋግማችሁ ጽፋችሁልኛል፦ «ካሜራ ያልከፈተ ተማሪ አያዳምጥም፣ ግድ ይክፈት።» አልስማማም። በፍጹም አልስማማም። ሒሳቡን እንየው። ዙም ጥራት ላለው የሁለት ሰው ቪዲዮ 600 ኪሎቢት በሰከንድ ይጠይቃል። የራስን ምስል ለመላክ ብቻ በሰዓት 270 ሜጋባይት ገደማ መሆኑ ነው። ድምፅ ብቻ ከሆነ 36 ሜጋባይት አካባቢ ይበቃዋል። ፓኬጅ ገዝቶ የሚማር ልጅ ካሜራውን ሲዘጋ ትምህርቱን እያተረፈ ነው። ቤቱ ጠቦ ከኋላው ቤተሰብ የሚመላለስበትም አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰንም በ2021 ስለ ዙም ድካም ሲጽፍ፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋልን ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ደግሞስ ካሜራ ከፍቶ ሌላ ነገር የሚያነብ የለም እንዴ? ልጁ መኖሩን በቻቱ እዩት። 1 ወይም 2 ከጻፈ አለ። 0 ከጻፈም አለ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆማል፤ በ35 ጨርሱ። ብሬክአውት ሩም (ተማሪውን በትንንሽ ቡድን የሚከፋፍለውን) ስትከፍቱ ሦስት ሦስት ሰው ይብቃ፤ ጥያቄውን ሳይበተኑ ቻት ላይ ጻፉላቸው። ድምፃችሁ ከተቆራረጠ መጀመሪያ የራሳችሁን ካሜራ ዝጉ፤ ስላይዱ ይቀጥል።

የፊታችን ቅዳሜ ክፍል ያላችሁ፣ በ«ገባችሁ?» ፋንታ ምን እንደጠየቃችሁ ከታች ጻፉልኝ። ቀጣዩን ቪዲዮ ከእናንተው ጥያቄዎች መርጬ ነው የምሠራው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና ጠብቁኝ።